የቡናው ብር እስከ ሰኔ እንዲደርስ፦ የተማሪ ወጪ አያያዝ



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ እህትና ወንድሞች፣ ስለ ቁጠባ ሲነሳ ብዙዎቻችን «ያለው ይቆጥብ፤ እኔ ምን አለኝና!» እንላለን። ደመወዝ የለንም፤ ያለን ከቤት የሚላክልን ትንሽ ብር ነው፤ እሷም ወሩ ሳይጋመስ ታልቃለች። ነገር ግን የገንዘብ አያያዝ ይበልጥ የሚያስፈልገው ትንሽ ላለው ሰው ነው። ብዙ ያለው ቢያባክን ከትርፉ ይጎድልበታል። ትንሽ ያለው ሲያባክን የሚጎድለው የወሩ መጨረሻ እራቱ፣ የፈተና ሰሞን ኮፒው፣ ወደ ቤት መመለሻ የመኪና ሒሳቡ ነው። ጉዳቱም በእሱ ላይ ብቻ አያበቃም፤ የላከለትን ቤተሰብም ይነካል። የዛሬው ትምህርታችን ዋና ነጥብ ይህ ነው።

1. ዲናችን ምን ያስተምረናል?

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ፉርቃን ቁጥር 67 ላይ የደጋግ ባሮቹን ባሕርይ ሲዘረዝር፣ ሲያወጡ የማያባክኑና የማይሰስቱ፣ በሁለቱ መካከል ቀጥ ያሉ መሆናቸውን ይገልጻል። በሱረቱል ኢስራእ ቁጥር 29 ደግሞ እጃችንን አንገታችን ላይ ታስሮ እንደቀረ አድርገን እንዳንሰስት፣ ጭራሹንም ዘርግተን ባዶ ቀርተን እንዳንጸጸት ያስጠነቅቀናል።

ዑለማዎች ሁለት ቃላትን ለይተው ያስረዳሉ። ኢስራፍ ማለት በተፈቀደ ነገር ላይ ከልክ ማለፍ ነው፤ ምግብ ሐላል ነው፤ በልቶ የሚተርፈውን መድፋት ግን ኢስራፍ ነው። ተብዚር ማለት ገንዘብን በማይገባ ቦታ ላይ መበተን ነው፤ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም እንኳ። የመጀመሪያው መድኃኒት መጠን ነው፤ የሁለተኛው መድኃኒት ጨርሶ መተው ነው። ወጪያችንን ስንመረምር ይህ ልዩነት በጣም ይጠቅመናል፤ የሚቀነስ ወጪ አለ፣ የሚዘጋ ወጪም አለ።

በትርሚዚ በተዘገበው ሐዲስም ሰው በትንሣኤ ቀን ስለ ገንዘቡ ሁለት ነገር እንደሚጠየቅ እናገኛለን፦ ከየት እንዳገኘውና በምን ላይ እንዳዋለው። እኛ ተማሪዎች ገና ገንዘብ ማግኘት አልጀመርንም ብለን የመጀመሪያውን ጥያቄ ብናልፈው እንኳ ሁለተኛው ዛሬም ይመለከተናል።

«አላህ ይሰጣል» ብሎ ያለ ዕቅድ መኖር ተወኩል የሚመስለውም ሰው አለ። በቡኻሪ ዘገባ ኢብኑ ዐባስ እንዳስተላለፉት፣ ከየመን የሚመጡ ሰዎች ስንቅ ሳይዙ «እኛ በአላህ የምንመካ ነን» እያሉ ለሐጅ ይወጡ ነበር፤ መካ ሲደርሱ ግን ሰው ይለምኑ ነበር። በሱረቱል በቀራ ቁጥር 197 ስንቅ እንዲይዙ የታዘዙት በዚህ ምክንያት ነው። ስንቅ መያዝ ተወኩልን አያፈርስም። ሳይይዙ ወጥቶ የሰው እጅ ማየት ግን ክብርን ይነካል።

2. ኪሳችን ውስጥ ያለው ብር ወቅት አለው

አሁን ወደ አካባቢያችን እንምጣ። ከመቱ እስከ ጎሬ፣ ከሁሩሙ እስከ ያዮ፣ በአሌም በቡሬም፣ ዛሬ ቡኖ በደሌ በተባለው ዞን ባሉት ወረዳዎችም የብዙው ገበሬ ገንዘብ ቡና ነው። የያዮ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ የተመዘገበው የዱር አረቢካ ቡና መገኛ በመሆኑ ነው። ቡና ግን በየወሩ አይለቀምም። ዋናው ለቀማ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ገበሬው ያኔ ያገኘውን ብር ለአሥራ ሁለት ወር ያብቃቃዋል፤ ግብር፣ ማዳበሪያ፣ የትናንሾቹ ደብተርና ዩኒፎርም፣ ሕክምና፣ የእኛም የወር ወጪ ከዚያው ነው።

የእኛን የትምህርት ዘመን ከዚህ ጋር አስተያዩት። አንደኛው ሴሚስተር ለቀማው ካለበት ወቅት ጋር ይገጥማል፤ ቤት ውስጥ ብር አለ፤ ስንደውል ቶሎ ይላካል። ሁለተኛው ሴሚስተር ከመጋቢት እስከ ሰኔ ይዘልቃል፤ በዚያ ጊዜ የቡናው ብር አልቋል፤ አዲሱ ቡና ገና አበባና ጥሬ ፍሬ ነው። ስለዚህ በግንቦት የምንጠይቀው 500 ብር በታኅሣሥ ከምንጠይቀው 500 ብር ጋር እኩል አይደለም። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ለአባት የሚከብደው ክብደት ግን ይለያያል።

ችግር የያዘው ገበሬ ዋጋ አይመርጥም። ጀንፈሉን አድርቆ ጥሩ ዋጋ እስኪመጣ መጠበቅ የሚችለው ሌላ የሚበላው ያለው ሰው ነው። የቸገረው በእሸቱ ይሸጣል፤ የባሰበት ደግሞ ገና ዛፍ ላይ ያለውን ፍሬ በርካሽ ይሰጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፍሬ መብሰል መጀመሩ ሳይታይ እንዳይሸጥ መከልከላቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በሸሪዓው «ሰለም» የሚባል፣ ዋጋው አስቀድሞ በሙሉ ተከፍሎ፣ መጠኑም ጊዜውም ተለይቶ የሚፈጸም ውል ተፈቅዷል፤ የጭንቅ ሽያጭ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ሁሉ አያሟላም። እንግዲህ ልብ እንበል፦ እኛ እዚህ በጥር በትርፍ የበተንነው ብር በግንቦት አባታችንን ወደዚህ ዓይነት ሽያጭ ሊገፋው ይችላል። ቤተሰቡ ቡና የሌለው፣ በንግድ ወይም በደመወዝ የሚተዳደረውም የራሱ የክፉ ቀን ወራት አሉት። እያንዳንዳችን የቤታችንን ወቅት እንወቅ።

የዩሱፍ (ዐ.ሰ) ታሪክ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ዘርተው፣ እህሉን ከሚበሉት ጥቂት በቀር በዛላው እንዳለ እንዲያስቀምጡ መከሩ። የሚቆጠበው በጥጋቡ ጊዜ ነው፤ ረሃቡ ከገባ በኋላ የሚቆጠብ የለም። ለእኛ የጥጋብ ዓመት አንደኛው ሴሚስተር ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ከሚላክልን ላይ በየወሩ 200 ብር ብናስቀር በአራት ወር 800 ብር ይሆናል፤ በግንቦት አንድ ጊዜ ስልክ ላለመደወል ይበቃል።

3. መጀመሪያ መለካት

በምህንድስና ትምህርታችን አንድ ቧንቧ የሚያፈስ ከሆነ መጀመሪያ የሚደረገው የገባውንና የወጣውን መለካት ነው፤ ልዩነቱ የሚያፈሰው ነው። ገንዘብም እንዲሁ ነው። ለአንድ ሳምንት ብቻ ትንሽ ደብተር ወይም የስልካችን ማስታወሻ ላይ እያንዳንዷን ወጪ እንጻፍ፤ የ5 ብር ማስቲካም ብትሆን። በሳምንቱ መጨረሻ ከእያንዳንዱ ወጪ ጎን ከሦስት ፊደላት አንዱን እናድርግ፦ «ግ» ግዴታ፣ «ቅ» ሊቀነስ የሚችል፣ «ዝ» መዘጋት ያለበት።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ተማሪዋ በቀን አንድ ጊዜ ከግቢ ውጭ ሻይና ዳቦ በ30 ብር ትበላለች እንበል። በወር 900 ብር ነው፤ በአሥር ወር 9,000 ብር። ይህን በሳምንት ሁለት ቀን ብታደርገው በወር 240 ብር ገደማ ይሆናል፤ 660 ብር ይተርፋታል። ሻይ መጠጣቱን አልተወችም፤ ልማዱን ወደ መጠኑ መለሰችው እንጂ።

ቀጥሎ መመደብ ነው። በወር 1,500 ብር የሚላክለት ተማሪ ብሩ በገባበት ቀን እንዲህ ሊከፍለው ይችላል፦

— ለመመለሻ መኪና፦ 200
— ለሳሙናና ለንጽሕና ዕቃ፦ 200
— ለኮፒና ለትምህርት ዕቃ፦ 200
— ለስልክ ጥቅል፦ 150
— ለሰደቃ፦ 50
— ለክፉ ቀን፦ 200
— ለውጭ ምግብና ለልዩ ልዩ፦ 500

የመጨረሻዋን 500 በአራት ሳምንት አካፍሎ በየሰኞው 125 ብር ብቻ ከኪሱ ያኑር። ሌላው በእጅ የሚገኝ መሆን የለበትም። ቁጥሩ እንደየአቅማችን ይለያያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም፦ መጀመሪያ ይመደባል፣ ከዚያ ይወጣል። «የተረፈውን አስቀምጣለሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚተርፍ ነገር አያገኝም።

4. ወጪ በወጪ

ምግብ። ካፌ ወይስ ነን-ካፌ የሚለውን በጓደኛ ምርጫ ሳይሆን በሒሳብ እንወስን። ነን-ካፌ የሆነ ሰው በወር በጥሬ ገንዘብ የሚሰጠውን ከአንድ ሳምንት ትክክለኛ የምግብ ወጪው ጋር ያስተያይ፤ የሳምንቱን በአራት ሲያባዛ ከሚሰጠው በላይ ከሆነ ልዩነቱን የሚከፍለው ቤተሰቡ ነው። ውጭ የምንከራይና የምናበስል ደግሞ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ሙዝ፣ አቮካዶ ከሱቅ በነጠላ ከመግዛት ይልቅ በገበያ ቀን ከገበሬዎች በጋራ እንግዛ። ጎደሬ በአካባቢያችን ርካሽና የሚያጠግብ ምግብ ነው፤ ከሌላ አካባቢ የመጣን ብዙዎቻችን ስለማናውቀው እናልፈዋለን። ከቤት ስንመለስ በሶ፣ ቆሎ፣ ጭኮ መያዝ አያሳፍርም። አንድ ኪሎ በሶ የብዙ ቀን ቁርስ ነው።

ውሃ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውዱእ፣ በአንድ ሷዕ ትጥበት ያደርጉ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ሙድ የአንድ ሊትር ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ሷዕ አራት ሙድ ነው። ቧንቧ ከፍተን ውዱእ ስናደርግ ስንት ሊትር እንደሚሄድ በባልዲ ለክተን እንየው። ግቢ ውስጥ ውሃ ሲጠፋ ወይም ውጭ በጀሪካን ስንገዛ ይህ ሱና ብርም ይቆጥባል።

ስልክ። ዕለታዊ ጥቅል በየቀኑ የሚገዛ ሰው በወር በድምሩ ስንት እንደሚከፍል ላያስተውል ይችላል። *999# ደውለን የአንድ ወር ወጪያችንን ከወርሃዊው ጋር እናስተያይ። የቴሌግራም ቪዲዮና ፎቶ በራሱ እንዳይወርድ መዝጋት፣ ትምህርት የያዙ ፋይሎችን የግቢ ዋይፋይ ባለበት ማውረድ፣ አንዱ ያወረደውን ለሌላው በብሉቱዝ ማስተላለፍ ብዙ ይቀንሳል።

ወረቀትና መሣሪያ። ሐንድአውት ሁሉ መታተም የለበትም። የሚታተመውን በሁለት ገጽ፣ ከተቻለ ሁለት ገጽ በአንድ ገጽ ላይ እናሳትም። ካልኩሌተር፣ የድሮዊንግ ዕቃና ጋውን ከተመራቂዎች በሰኔ እንግዛ፤ በጥቅምት አዲስ ፍለጋ ሱቅ የሚወጣው ዋጋ ሌላ ነው። የካልኩሌተር ዕድሜ ከአንድ ተማሪ የአምስት ዓመት ቆይታ ይበልጣል።

ልብስና ጫማ። የኢሉባቦር ዝናብ ለርካሽ ጫማ አይራራም። ሁለት ወር ሳይቆይ የሚለያይ ጫማ ሁለቴ ከመግዛት አንድ ጠንካራ ጫማና አንድ የፕላስቲክ ቦት ይሻላል፤ ጃንጥላም እንዲሁ። መቆጠብ ማለት ሁልጊዜ ርካሹን መምረጥ አይደለም፤ ዋጋውን ለሚያገለግልበት ጊዜ አካፍሎ ማየት ነው። 600 ብር የወጣበትና ሦስት ወር የሚቆይ ጫማ በወር 200 ብር ነው፤ 1,500 ብር የወጣበትና አሥራ አምስት ወር የሚቆይ በወር 100 ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ ስለጨመረ ይህ ሒሳብ ዛሬ ይበልጥ ያስፈልጋል። የተቀደደ ልብስ መስፋት፣ ጫማ ማሰፋት የድህነት ምልክት አይደለም፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልብሳቸውን ይጥፉ፣ ጫማቸውን ይጠግኑ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ ነግረውናል።

መንገድ። በየሁለት ወሩ ወደ ቤት መሄድ ለሩቅ ተማሪ ከባድ ወጪ ነው። በበዓል ሰሞን የሚጨናነቀውን መናኸሪያ ለማምለጥ የመሄጃውን ቀን አስቀድሞ መወሰን፣ ጓዝ ማሳነስ፣ ከመናኸሪያ ግቢ ድረስ ባጃጅ በኮንትራት ሳይሆን በጋራ መያዝ ይበጃል።

የምረቃ ዓመት። ለጂሲ ተማሪዎች አንድ ቃል። ቲሸርቱ፣ ፎቶው፣ ሱፉ፣ ግብዣው ሲደመር የአንድ ሴሚስተር ወጪ ይሆናል። ሁሉንም ላለመቅረት ብሎ መግባት ግዴታ አይደለም። የወላጆቻችን ደስታ የልጃቸው ዲግሪ ነው፤ ለአንድ ቀን የሚለበስ ሱፍ መዋስ ይቻላል።

5. በጋራ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። አንድ ዶርም ውስጥ ስድስት ሰው ካለ ስድስት ትንንሽ ሳሙና ከመግዛት አንድ ካርቶን የልብስ ሳሙና በጅምላ ገዝቶ መካፈል ይረክሳል። እህቶቻችን ሞዴስን በደርዘን በጋራ ሊገዙ ይችላሉ፤ ታጥቦ ደጋግሞ የሚያገለግለውም መጀመሪያ ላይ ቢወደድም ለወራት ያገለግላል። ሶር ፏፏቴን ለማየት ስንወጣም እንዲሁ፤ አንድ ሚኒባስ ሞልተን ምግባችንን ከቤት ሠርተን ብንሄድ መዝናናቱ አይቀንስም።

እቁብም ጥሩ መሣሪያ ነው። አሥር ተማሪዎች በየወሩ 100 ብር ቢጥሉ እያንዳንዱ በተራው 1,000 ብር ያገኛል። ማንም ከጣለው በላይ ስለማያገኝና ማንም ስለማይቀነስበት ብዙ ዑለማዎች ፈቅደውታል። ተራን በብር መሸጥ፣ ዕጣ ቀድሞ ለወጣለት ከጣለው ላይ መቁረጥ ግን ከዚህ ፈቃድ ያወጣዋል። ጥሩው አሠራር የቸገረውን በስምምነት ማስቀደም ነው፤ ቤቱ በግንቦት የሚከብደው ተማሪ የግንቦትን ዕጣ ቢያገኝ እቁቡ ሥራውን ሠራ።

6. የሚዘጉ ወጪዎች

እስካሁን ያየነው የሚቀነስ ነበር። አሁን «ዝ» ወደተጻፈባቸው እንምጣ።

ውርርድ። የእግር ኳስ ቤቲንግ ቁማር ነው፤ በሱረቱል ማኢዳ ቁጥር 90 ከአስካሪ መጠጥ ጋር ተደርቦ ተከልክሏል። ቢያተርፍም አይፈቀድም። ግን አያተርፍም፤ ሒሳቡን እንየው። ለሁለት እኩል ዕድል ላላቸው ቡድኖች 1.85 እና 1.85 ተመድቧል እንበል። በአንዱ 100 ብር፣ በሌላው 100 ብር ቢጣል የገባው 200 ነው፤ የትኛውም ቢያሸንፍ የሚወጣው 185 ነው። 15 ብሯ የቤቱ ናት። አራት ጨዋታ በአንድ ትኬት ሲታሰር ይህ ቅናሽ አራት ጊዜ ይባዛል፤ በአማካይ ከ100 ብር የሚመለሰው 73 ብር ገደማ ነው። «አንድ ቀን ይወጣልኛል» የሚለው ተስፋ የተሠራው በዚህ ቁጥር ላይ ነው።

ጫት። በአካባቢያችን «ለጥናት» እየተባለ የሚያዝ ነው። ስለ ሑክሙ ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ፤ እዚህ የማነሳው ወጪውን ነው። የጫቱ ዋጋ ብቻ አይደለም የሚወጣው፦ ከእሱ ጋር ውሃው፣ ስኳሩ፣ ለስላሳው አለ፤ በማግሥቱ የሚቀረው ክፍል አለ፤ የሚያልፍ የሱብሕ ሶላት አለ። በሳምንት ሁለት ቀን 100 ብር የሚያወጣ ተማሪ በወር 800 ብር ያወጣል። ይህ ከላይ በምሳሌያችን ከመደብነው የወር በጀት ግማሽ በላይ ነው።

7. ዕዳ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሶላታቸው ውስጥ ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ ነበር። የተበደረ ሰው ሲናገር ይዋሻል፣ ቀጠሮ ሲሰጥ ያፈርሳል ብለው ምክንያቱን አስረድተዋል። በግቢያችንም ጓደኝነትን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ 200 ብር ነው። ስለዚህ ስንበደርም ስናበድርም እንጻፈው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራ ቁጥር 282፣ የሚናገረው ዕዳን ስለ መጻፍ ነው። በጓደኛሞች መካከል መጻፍ አለመተማመን አይደለም፤ አላህ ያዘዘው ሥርዓት ነው። ከዚያ በፊት ባለው ቁጥር 280 ደግሞ የቸገረውን ባለዕዳ እስኪያገኝ መታገስ፣ ቢተውለትም የተሻለ መሆኑ ተነግሯል።

በስልክ የሚገኙ ብድሮችን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአንድ ቁልፍ የሚገኝ ብድር ሁሉ ሲመለስ ተጨምሮበት የሚከፈል ከሆነ «የአገልግሎት ክፍያ» የሚለው ስም ብቻውን ሐላል አያደርገውም። የአየር ሰዓት ብድርን በተመለከተ ዑለማዎች ብድር ነው ወይስ የአገልግሎት የዱቤ ሽያጭ በሚለው ላይ የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ። ቀላሉ መፍትሔ ግን 20 ብር ካርድ በክፉ ቀን ተብሎ ተቀምጦ ብድሩን አለመፈለግ ነው።

የምንረሳው ሌላም ዕዳ አለ፦ ወጪ መጋራት። በከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት የምንፈርመው ቅጽ ውል ነው። የምግብና የመኝታ ወጪ፣ የትምህርቱም ወጪ ከፊሉ ከምረቃ በኋላ የምንከፍለው ነው። ነን-ካፌ ሆነን በእጃችን የምንቀበለው የምግብ ብርም «የመንግሥት ስጦታ» ሳይሆን በስማችን የሚመዘገብ ነው። ይህን ያወቀ ሰው የካፌ ምግብ ተቀብሎ ግማሹን አይደፋም፤ የነገ ደመወዙን እየደፋ ነውና።

8. የት እናስቀምጠው?

የተቀመጠ ብር ኪስ ውስጥ አይቆይም። ከወለድ ነጻ ሒሳብ መክፈት ዛሬ ቀላል ነው። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆኖ ሥራ የጀመረ የመጀመሪያው ባንክ ነው፤ ሒጅራ ባንክም ተከትሎታል። ንግድ ባንክ በሲቢኢ ኑር፣ ኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ በኩፕ አልሁዳ በኩል በመደበኛ ቅርንጫፎቻቸው ይህን አገልግሎት ይሰጣሉ። ሒሳብ ስንከፍት «ወዲዓ» የአደራ ሒሳብ መሆኑን፣ «ሙዳረባ» ደግሞ ትርፍና ኪሳራ የሚጋሩበት መሆኑን ጠይቀን እንወቅ። ለተማሪ ትንሽ ገንዘብ ወዲዓ ይበቃል። ቀድሞ የወለድ ሒሳብ ያለን ወደ ከወለድ ነጻ እንዲዛወርልን እዚያው ቅርንጫፍ መጠየቅ እንችላለን።

9. መቆጠብ ስስት እንዳይሆን

ከጓደኞቹ ጋር ሻይ ሲጠጣ ሁልጊዜ ሒሳብ ሲመጣ የሚነሳ ሰው ቆጣቢ አይባልም። ቁጠባችን የራሳችንን ፍላጎት የሚቀንስ እንጂ የሌላውን ሐቅ የሚነካ መሆን የለበትም። ለዚህ ነው ከላይ በምሳሌው ሰደቃን ገና ከመጀመሪያው የመደብነው። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። በየወሩ 50 ብር የምታስቀምጥ እህት በዓመት ለአንድ ቸገረኛ ተማሪ የመመለሻ ትራንስፖርት ትሸፍናለች።

ረመዳንም መፈተኛችን ነው። የምንበላበት ጊዜ ሲቀንስ ወጪያችን መጨመሩ ሊያስገርመን ይገባል። ቴምር፣ ሩዝና ዘይት በሻዕባን በጋራ ቢገዛ፣ ኢፍጣር በየዶርሙ ከመበታተን ተሰብስቦ ቢሆን ወጪው ይቀንሳል። የሁለት ሰው ምግብ ለሦስት እንደሚበቃ የተነገረው ሐዲስ የሚታየው ያኔ ነው። የተረፈውም ብር ለጾመኛ ማስፈጠሪያ ይውላል።

10. ለዚህ ወር ሥራ

— በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም ወጪ መጻፍና ግ፣ ቅ፣ ዝ ብሎ መለየት።
— ከ«ቅ» አንዱን መርጦ በግማሽ መቀነስ፤ ከ«ዝ» አንዱን መዝጋት። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚጀምር ሰው በአሥር ቀን ይተዋል።
— ያለብንን ዕዳ ሁሉ በስምና በቀን መጻፍ፤ ትንሹን መጀመሪያ መክፈል።
— ለቤት ደውሎ ገንዘብ ሳይጠይቁ «በየትኛው ወር ይከብዳችኋል?» ብሎ መጠየቅ።

ለሐለቃ መወያያ፦

1. ኢስራፍና ተብዚር በግቢ ሕይወታችን ምን ምን ናቸው? ሁለት ሁለት ምሳሌ ስጡ።
2. የእናንተ ቤተሰብ የጥጋብና የክፉ ቀን ወራት የትኞቹ ናቸው?
3. በዶርማችን በጋራ ልንገዛቸው የምንችላቸው ሦስት ዕቃዎች የትኞቹ ናቸው?
4. ከመካከላችን ብር ያለቀበት ወንድም ወይም እህት ሳይለምን፣ ስሙ ሳይነሳ እንዴት ልንደርስለት እንችላለን?

የመጨረሻዋ ሥራ በዚህ ትምህርት ውስጥ ካሉት ሁሉ ትበልጣለች ብዬ አምናለሁ። ወላጆቻችን ሲከብዳቸው አይነግሩንም፤ «አይዞህ ልጄ፣ ይላካል» ይላሉ። ይህን ያሉት ከምን ላይ ቀንሰው እንደሆነ ጠይቀን ከተረዳን፣ ብሩን እንዴት እንደምናወጣው ሌላ መካሪ አያስፈልገንም።

አላህ በትንሹ የምንብቃቃ፣ ለወላጆቻችን የዓይን ማረፊያ፣ ከዕዳና ከሐራም የተጠበቅን ያድርገን፤ በሪዝቃችንም በረካ ያድርግልን። ኣሚን። ወሏሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።